እትዬ በርጩማ፣ የልብስ ሰፊዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር መሥራች

እትዬ በርጩማ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ፣ ይህን ለምጽፈው ለእኔ ደግሞ ታላቅ እህት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ከቤታችን ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታችን ዓይናቸውን ታመሙና በመርፌ ክር የሚያስገባ ሰው ጠፋ። እትዬም ደብተራቸውን አስቀምጠው ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ። ያ መኪና ሲረገጥ የመስኮቱ መስተዋት ጭምር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፁ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም።

በ1967 ዓ.ም. ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት ነዳጅ የምትሰጠው እትዬ፣ ፍሬን የሚይዘው ሹፌሩ ነው እያለ ጎረቤቱ ይቀልድባቸው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. በአንድ መንገድ ዳር የሚሠሩ አሥራ ዘጠኝ ልብስ ሰፊዎችን ሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ፤ ኋላ የመንገዱ ነጋዴ ሁሉ አባል ሆነበት። ቢሮው የሱቃቸው የኋላ ክፍል ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ እጅጌ ያልገባላቸው ዩኒፎርሞች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባላት ቁጠባቸውን ይዘው ሲመጡ መቀመጫ አይገኝም ነበር፤ በሳቁ ብዛት የሚባለው አይሰማም። ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል!

ቅጽል ስማቸውን ያተረፉትም ያን ጊዜ ነው። ሰው ብድር ሲጠይቅ፣ አባታችን የሠሩላቸውን ትንሽ በርጩማ ይዘው ከሱቁ ፊት ለፊት ይቀመጡና ከጠዋት እስከ ማታ የሚገባውንና የሚወጣውን ያያሉ። «ብድር የሚመልሰው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ነው» ይሉ ነበር። ለፎቶ ቤቴ ብድር በጠየቅሁ ጊዜ ወንድምነቴ አላዳነኝም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው አራት ሰው ቆጠሩ፤ ሁለቱ ዝርዝር ፈላጊዎች ነበሩ። «ወንድሜ፣ አንተ የከፈትከው ፎቶ ቤት ሳይሆን ባንክ ነው» ብለውኝ በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ። ሦስት ወር አኮረፍኳቸው። ሱቁን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሳዛውር ግን ብድሩን ያጸደቁልኝ እሳቸው ናቸው።

በ1997 ዓ.ም. አባላቱ ስድስት መቶ ሲሞሉ አንድ ድርጅት ወለዱ አነስተኛ የሆነ ብዙ ገንዘብ ይዞ መጣ። በስድስት ወር ውስጥ ለተበዳሪ ተከፋፍሎ ማለቅ አለበት የሚል ግዴታ ነበረበት። መጀመሪያ እጃቸውን አውጥተው የደገፉት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ብደብቅላቸው ይቆጡኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በየሱቁ ደጃፍ ለመቀመጥ ጊዜ ጠፋ። ሳይቆጥቡ መበደር ስለተቻለም ቅዳሜያችን ጭር አለ። በዓመቱ መንገዱ ለግንባታ ተቆፈረና ሁለት ዓመት ተዘጋ። ገዢ ቀረ፣ ሱቆች በየተራ ተቆለፉ፣ ተበዳሪው መክፈል አቃተው። የድርጅቱ ገንዘብ ግን መመለስ ስለነበረበት ከአባላት ቁጠባ ላይ ተከፈለ።

እትዬ አባላቱን ሰብስበው «የቀረው የቁጠባችሁ ሲሶ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልመልስ አልሞትም» አሉ። አንድ ጫማ ሰፊ ከኋላ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ዕድሜ ይስጥዎት!» ቢል፣ እያለቀሰ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደገና ከቅዳሜ ቁጠባ ተጀመረ። ከብድር የሚገኘው ትርፍ ለጠፋው ቁጠባ መተኪያ ሆነ፤ እትዬም ከስፌት የሚያገኙትን እኩሌታ ይጨምሩበት ነበር። ሌላ ገንዘብ ሰጪ ሲመጣ «ቁጭ ብለን የምናይበት ጊዜ ከሰጣችሁን እሺ» ይሉታል፤ እንዲህ ብለው ሦስቱን ሸኝተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በ2011 ዓ.ም. ገንዘቧ ያልተመለሰላት አንዲት አባል ብቻ ቀረች፤ መንገዱ ሲዘጋ ሴት ልጇን አዝላ የሄደች ሽንኩርት ሻጭ። እትዬ በባለቤታቸው አውቶቡስ እየተሳፈሩ ያልጠየቁበት ገበያ የለም።

ባለቤታቸው በ2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እትዬም ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ከአሁን በኋላ እትዬ ብዬ የምጠራው ሰው የለኝም።

ሆስፒታል ሳሉ «ታሪኬን አንተ ጻፍ። ብዙ አታመስግነኝ፤ ሰው ስለሚሰበሰብ እሷን ጠይቅልኝ» አሉኝ። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መጨረሻ ሽንኩርት ይሸጡ የነበሩት፣ ግራ እጅዎ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለብዎት እናት፣ በመካከላችን ካሉ፣ ወይም ያቺ ያዘሏት ልጅዎ ካለች፣ ከቀብሩ በኋላ ወደ እኔ ይምጡ። ቁጠባዎ ከነወለዱ ተቀምጧል። እህቴ ሳልመልስ አልሞትም ብለው ነበር፤ ሞት ቀደማቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ ሥፍራ ይቀበልልን፤ እርስዎንም ያምጣልን።