ዓሣችን ላይ ዝንብ ስላጡት ጌታ

ለተከበሩ ዶን ጎንሳሎ ኢሪዛሪ
የማታው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ
ቦጎታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከረመ? በተለይ አፍንጫዎ ደህና ነው ወይ? እኛ በወደቧ ከተማ በቱማኮ ገበያ ዓሣ የምንሸጥ ጥቁር ሴቶች፣ ድራማዎ ከተጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሰላም ስለሚለን፣ ለዚህ ክብር ሳናመሰግን ብንቀር ነውር ነው ብዬ ይህን በአደባባይ ጻፍኩ።

አንደኛ፤ በድራማዎ ውስጥ ያለችው እንደኛው ጥቁር ባለዓሣ የሀብታሞቹን በር ስታንኳኳ፣ ገና አፏን ሳትከፍት እመቤቲቱ ሽቶ ትረጫለች፤ የብር ማንኪያዎቹም ይቆለፍባቸዋል። ምን አጥፍታ እንደሆነ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ፈልጌ አጣሁ። ተመልካቹ ግን አልጠየቀም፤ ዓሣ ሻጭ መሆኗ በቃው። ያለ ክስ መፍረድን ለአገር ሁሉ ስላስተማሩ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ሠራተኞችዎ ገበያችንን ሊቀርጹ ሲመጡ፣ እኛ ሞኞቹ ሊያሞግሱን መስሎን፣ ነጭ ቀሚሳችንን ተኩሰን፣ ጠረጴዛውን በሎሚ አሽተን፣ ያኔውኑ ከጀልባ የወረደውን ምርጥ ዓሣ ደረደርን። እነሱ ግን "ዝንቡ የታለ?" ብለው ተቆጡ። አጠገቤ የምትሸጠው ዶኛ ኦቲሊያ፣ "ዝንብ ካማራችሁ ከቦጎታ ይዛችሁ አትመጡም ነበር?" ብትላቸው ሳቁባት። ከዚያ ዓሣውን ገዝተው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ እስኪሸት ጠብቀው ቀረጹት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው። ኧረ ያቅለሸልሻል! ሽታው አይደለም ያቅለሸለሸኝ፤ ራሳችሁ ያገማችሁትን የእኛ ነው ብላችሁ ለአገር ማሳየታችሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ልጄ ዩርላኒ በነርስነት ተመረቀች። ያስተማራት ይኸው ዓሣ ነው። በዋዜማው አንገቷን ደፍታ፣ "እማዬ፣ ነገ ባትመጪስ? አብረውኝ የተማሩት ልጆች ድራማውን ያያሉ" አለችኝ። አንጀቴ አልችል አለና ሄድኩ። በምረቃው አዳራሽ በር ላይ ጓደኛዋ "ማናት?" ብላ ስትጠይቃት፣ ልጄ "ጎረቤታችን ናት" አለች። እኔም ምን ላድርግ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የጎረቤቴ ልጅ" ብያት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጅን ከእናቷ የሚለይ ጥበብዎን እያደነቅሁ፣ እጅዎን ልሳም ብመጣ ሽቶዎ በከንቱ ያልቃል ብዬ ፈርቼ፣ ከሩቅ ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ኤውሎሂያ ኪኞኔስ
ዓሣ ሻጭ

ማሳሰቢያ፦ ባለዓሣዋ መጨረሻ ላይ ትሞታለች ሲሉ ሰማሁ። እባክዎ፣ ቶሎ ይግደሉልኝ። እሷ ከተቀበረች ምናልባት ልጄ በሰው ፊት እናቴ ትለኝ ይሆናል።