በስምህ ያልጫንኩት ቁልፍ

ውድ ወንድምዬ፣

የሠራኸው የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ትተኸው እንደሄድክ አይደለም። ኩኪ የምንላትን፣ የጎብኚውን ስም ኮምፒውተሩ ላይ የምታስታውሰውን ትንሽ ፋይል፣ ባለቤቱን ሳንጠይቅ እንዳንጠቀም ሕግ ወጣ። ካንተ በኋላ ገጹን የምይዘው እኔ ነኝና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ከገጹ ግርጌ አንድ ሣጥን አስገባሁ፤ «መረጃዎን እንድናስታውስ ይፈቅዳሉ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። «እፈቅዳለሁ» የሚለውን ጽፌ አጠፋሁት፤ መልሼ ጻፍኩት።

የረሳሁት ያንተን ላፕቶፕ ነው። እማዬ በየማለዳው ትከፍተዋለች። ገጹ «እንኳን ደህና ተመለስክ፣ ድንቡሼ!» ሲል «አሜን» ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሰላምታውን የጻፍከው አንተ፣ ስሙን ያወጣችልህ እሷ። ከሞትክ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ኖረች።

ሣጥኑ በወጣ ማግስት ደወለች። «ልጄ፣ ዛሬ ስሙን አልጠራውም። ምን አደረጋችሁት?»

እየከነፍኩ ሄድኩ። ክፍልህ ስገባ እስካሁን በሩን አንኳኳለሁ፤ አትሳቅ። እፈቅዳለሁ ከተባለ ስምህ እንደሚመለስ፣ አልፈቅድም ከተባለ ለሁልጊዜው እንደሚጠፋ አስረዳኋትና ልጫን እጄን ዘረጋሁ። ያዘችኝ።

«የተጠየቀው እሱ ነው» አለች።

«እማዬ፣ እሱ እኮ የለም።»

«አውቃለሁ። አንዴ በስሙ ፈቅደሻል። ይበቃል።»

ክው አልኩ። የሞትክ ቀን፣ ሆስፒታል ራስህን ስተህ ሳለ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ መንገድ ላይ ነበረች፤ ሩብ ሰዓት ብጠብቃት ትደርስ ነበር። ከቀዶ ጥገናው ክፍል በሕይወት አልወጣህም። ስትደርስ «ሐኪሞቹ ናቸው የወሰኑት» ብያት ነበር፤ ለካ ስታውቅ ኖራለች። «ሳይጠሩሽ አቤት፣ ሳይልኩሽ ወዴት» እያልክ ታበሽቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ፈርቼ ነው፣ ወንድሜ። ብጠብቅ ትተርፍ ነበር ወይ? ሐኪሙ አይመስለኝም ብሎኛል። እኔ ግን ያቺን ሩብ ሰዓት እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ሣጥኑ አሁንም እዚያው ነው። እማዬ በየማለዳው ላፕቶፑን ትከፍትና ወንበርህን ስባ ትቀመጣለች። ዛሬ አብሬያት ተቀመጥኩ። አንዲት መስመር ኮድ ብጽፍ ስምህ ይመለስ ነበር፤ አልጻፍኩም። ጠቋሚዋ ቀስት ማንም ሳይነካት ማያ ገጹ ላይ ስትንቀሳቀስ የመሰለኝ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። እማዬ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና፣

«እሱ አልቸኮለም፤ አንቺም አትቸኩዪ» አለችኝ።

ከእንግዲህ በስምህ አልመልስም፤ ቃሌ ነው።

ችኩሏ እህትህ