ስለ ማውሱ መዘግየትና ስለ እህቴ ቀኝ እጅ

ለተከበሩ የጌሙ የኮምፒውተር ቅጂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ ባልደረቦችዎ በጤና፣ በደስታና በሴኮንድ ከስልሳ በማያንስ ምስል እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ለጤናችን ደህና ነን፤ ኮምፒውተራችን ግን ካለፈው ማሻሻያችሁ ወዲህ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ሲጮህ ይውላል።

እኔ ሃያ ሰባት ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ስፍር ቁጥር የሌለው አቤቱታ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ዳግም እንዳይነሳ አድርጌ በፋይል አስተኝቻለሁና ይህ ደብዳቤ በእናንተ ዘንድ ምን እንደሚገጥመው ከማንም በላይ አውቃለሁ። በአደባባይ የጻፍኩትም እናንተ ባታነቡት መንገደኛ እንኳ ያነበዋል ብዬ ነው።

ባለጉዳይዋ ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቬሎ የሰፋች ልብስ ሰፊ ስትሆን፣ ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይላታል፤ ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፣ ወደውም አልነበረም። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ እጇን ያዘባት። ፊዚዮቴራፒስቱ የምትጨብጠው የጎማ ኳስ ሰጣት፤ ሦስት ቀን ጨብጣ «እኔን ሕፃን አደረገኝ እንዴ?» ብላ በመስኮት ሸኘችው። ሰውየው ታጋሽ ነውና «እንግዲያውስ ማውስ ይያዙ፣ ፈጣንና ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚፈልግ ጌም ይጫወቱ» አላት። እኔም ያንን፣ ባለ ሰይፏ ሴት ድልድይ ከሽፍታ የምትጠብቅበትን ጌማችሁን አመጣሁላት።

እዚህ ላይ የማቀርበው ምስጋና ከልብ ነው፤ ከዚህ በኋላ ከሚከተሉት ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እህቴ የምትሰነዝረው ሰይፍ ከሽፍታው ይልቅ የድልድዩን አጥር ነበር የሚያገኘው። በሦስተኛው ወር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ስገባ «ና ወዲህ! ዳር ዳርህን ነው የምቀመቅምልህ!» እያለች አንዱን ግዙፍ ሽፍታ ወደ ወንዙ ስትገፋው ደረስኩ። እጇ ከዓይኗ እኩል ይሄድ ነበር። በዚያው ሳምንት መቀሷን አሟሸች፤ የጎረቤታችንን የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ቬሎም ተቀበለች።

ከዚያ «የኮምፒውተር ተጫዋቾቻችንን አክብረን» የሚለው ማሻሻያችሁ መጣ። ስለ አክብሮታችሁ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ኪቦርዱ። ተጫዋቹ ቁልፎቹን እንደሚመቸው የሚቀይርበትን ዝርዝር ማንሳታችሁ ከብዙ ሐሳብ ስለገላገለን እናመሰግናለን። ስክሪኑ አሁን «አረንጓዴውን ክብ ይጫኑ» ይለናል። እህቴ ኪቦርዱን ገልብጣ ከሥሩ ሳይቀር ፈልጋለች። በቤቱ ውስጥ አረንጓዴም ክብም ሆኖ የተገኘው አንድ የካፖርት አዝራር ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ተጭነን አይተናል፤ ለውጥ የለም። እንደተረዳሁት ይህ ምልክት ጆይስቲክ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ኪቦርድ ላለው ደግሞ ከሰይፍ ለመሸሽ ብቻ በግራ እጅ ሦስት ቁልፍ ባንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህን ያቀደው ባለሙያ ስንት ጣት እንዳለው ለማወቅ ጉጉቴ ከፍ ያለ ነው።

2ኛ. ስለ ፍጥነቱ። ጌማችሁ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። ሽፍታ ብቅ ሲል ግን ስታክ ያደርጋል፤ ምስሉ ባለበት ደርቆ ይቀራል። እንደ አንዳንድ ዘመድ ነው፤ በደህና ቀን አብሮ ይሄዳል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ካለበት አይነቃነቅም። «የምስሉን ጥራት ዝቅ ያድርጉ» ያላችሁትን ምክር ተቀብለን ዝቅ አደረግን፤ ደግመንም አደረግን፤ በመጨረሻ ሽፍቶቹ ፊት አልባ ሆኑ። ፊት የሌለው ሰው ቢገድላችሁ ማንን ትከሳላችሁ? መንተባተቡም አልተወንም። ከዚህም ሌላ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር «ምስሎችን በማዘጋጀት ላይ» እያለ አርባ አንድ ደቂቃ ያስጠብቀናል። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልደነቀኝም፤ እንዲያውም ወረፋ እንዳለ መናገራችሁን እንደ ጨዋነት ቆጥሬዋለሁ።

3ኛ. ስለ ማውሱ። እዚህ ላይ ቀልዴ ቢያንስ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ማሻሻያችሁ ማውሱን ጆይስቲክ ነው ብሎ ያምናል። በትንሹ ሲያንቀሳቅሱት እንዳላየ ያልፋል፤ በደንብ ሲያንቀሳቅሱት ጥቂት አስቦ፣ ካሰቡት ቦታ አልፎ ይቆማል። ሌላ ሰው ይህን ቢያይ ጌሙን ይሰድብ ነበር። እህቴ ግን የጠረጠረችው ጌሙን አልነበረም፤ እጇን ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰችም። በሦስተኛው ቅዳሜ ስሄድ ኮምፒውተሩ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ የቬሎው ሳቲን ወደ ወረቀቱ ተመልሷል፣ መቀሱ ከጠረጴዛው ላይ የለም። ለዳቦ ጋጋሪው ሌላ ሰፊ እንዲፈልግ ነግራዋለች። «እጄ እንደገና መዘግየት ጀምሯል» አለችኝ፤ ስለ ሰው ዕቃ እንደምታወራ ሁሉ። «የሰው ልጅ ሠርግ አላበላሽም።»

እኔ ማህተም ከመምታት በቀር ምንም ጉዳት ያልደረሰበትን እጄን ይዤ ተቀመጥኩ። ጨርቁን ገልጬ ማውሱን ሞከርኩት፤ በእኔም እጅ ያው ነው። «እትዬ፣ የኔም ይዘገያል እኮ!» ብላት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንተማ ከልጅነትህም ዘገምተኛ ነህ» አለችኝ። ማስረጃዬ በዚሁ ውድቅ ሆነ። ብዙ ብለምናትም «ልታጽናናኝ ነው፤ ተወኝ» ከማለት አላለፈችም።

ይህንኑ በድረ ገጻችሁ ላይ ጽፌ ነበር። መልሱ በአራት ሴኮንድ ደረሰኝ፦ «ለተሻለ ተሞክሮ ጆይስቲክ ይጠቀሙ።» ከእናንተ ዘንድ ሳይዘገይ የመጣልን ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ካሳ አይደለም፤ ጌሙ ዛሬ ነገ ይስተካከል ብዬም አላስቸግርም። የምለምነው አንድ መስመር ነው። «መዘግየቱ የእኛ እንጂ የእጅዎ አይደለም» ተብሎ፣ ፊርማና ማህተም አርፎበት፣ በእህቴ አድራሻ ቢላክልን። የወንድሟን ቃል ባትቀበል የመሥሪያ ቤት ወረቀት ትቀበል ይሆናል። ዳቦ ጋጋሪው ሐሳቧን ትቀይር እንደሆነ እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ከሰኞ ወዲያ ግን ቬሎው ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። እኔ የምፈራው ስለ ቬሎው አይደለም። ይህን ከመለሰች ሌላ መቀበሏን እጠራጠራለሁ።

ትዕግሥታችሁን እያደነቅሁ፣ የእኛንም እንደምትፈትኑ እየተረዳሁ፣ ለመላው ክፍልዎ የማይንተባተብ የሥራ ዘመን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም
(ጌሙ ሲከፈት በመጠበቅ ላይ ሳለ የጻፈው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ለባለጉዳይ ማንበብ ደንብ ነውና ለእህቴ አነበብኩላት። ልመናዬ ጋ ስደርስ «ቆይ» አለችኝ። «የኔን እጅ ነገር ከማያውቁኝ ሰዎች ማህተም ልትለምንልኝ ነው? አንተ ልጅ፣ እኔ ሞቻለሁ?» ተነስታ ከመሳቢያው መቀሱን አወጣች። አንድ አሮጌ መጋረጃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔ ከዳር እስከ ዳር እንደ አንገትጌ የሚዞር መስመር አሰመረችና መቁረጥ ጀመረች። እኔ ወደ መስኮቱ ነበር የማየው፤ የመቀሱን ድምፅ ግን እሰማለሁ፣ አልቆመም። ከጨረሰች በኋላ መነጽሯን አድርጋ ዳሩን በጣቷ እየተከተለች መረመረችው። አንድ ቦታ ላይ የክር ያህል ወጣ ብሏል። «እዚህ ጋ ጠረጴዛውን የነካኸው አንተ ነህ» አለችና ለዳቦ ጋጋሪው ልትደውል ሄደች።

ስለዚህ ልመናዬን አንስቻለሁ፤ ወረቀታችሁ ይቅርባችሁ። ጌሙንም ለማስተካከል እንዳትጣደፉ እህቴ አደራ ብላለች፤ ተጣድፋችሁ ያመጣችሁትን አይተነዋል። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ሙሽራ ሳትለካውና ወዲያ ወዲህ ሳትልበት ከእህቴ ቤት የወጣ ቬሎ የለም። እናንተም የሚቀጥለውን ማሻሻያ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ማውስ ይዞ ቢሞክረው ደግ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ማውስ ከሌለ ደግሞ አትሳቀቁ፤ የእኛን እናውሳችኋለን። እስከ ሠርጉ ድረስ የሚይዘው ሰው የለም።