ሠላሳ ክንድ

እሁድ፣ ግንቦት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እስክሪብቶውን የያዘችው የሰፈራችን የጤና ሠራተኛ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አፌ እምቢ ስላለኝ በወረቀት ሆነ። እንዴት ከርመሻል? ልጆችሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ጉድጓድ ሲቆፍር ያረጀ ነውና አልወቅሰውም።

«ግቢው ውስጥ የሆድ በሽታ ገባ ሲሉ ሰማሁ» ብለሽኛል። እውነት ነው። ጉድጓዶቹን ስቆፍር በግቢው ሁለት ቤት ነበረ፤ ዛሬ አሥራ ሰባት ሆኗል። አንዱ ሲያስነጥሰው ጎረቤቱ ከአልጋው ሳይነሳ «ይማርህ» ይለዋል። ሽንት ቤቱ ግን ያው አንድ፣ እኔ የቆፈርኩት። የውሃ ጉድጓዱም ያው፣ እኔ የቆፈርኩት።

ይህች የምትጽፍልኝ ልጅ መጥታ «ውሃውን አትጠጡ» ስትል ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ውሃ በዕድሜ ይበልጣችኋል፤ ጠጡ» አልኳቸው። ጠጡ። እሷ ትናንት የመጣች ናት፣ እኔ ሃምሳ ዓመት የቆፈርኩ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝና የታመመውን በር በበር ቆጠርኩ። ልብስ ሰፊው ቤት አንድም ሰው አልታመመም። ለምን? ሚስቱ ከእኔ ጋር ከተኳረፈች ወዲህ የምትቀዳው ከመንገድ ማዶ ካለው ቧንቧ ነው። ኩርፊያ መድኃኒት ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ አንድ ጆንያ ጨው ገዛሁ። ባለሱቁ ለምን እንደሆነ ሲሰማ «አባባ፣ ሽንት ቤቱ አልጥም አለዎት?» አለኝ። ሳቁን ሳይጨርስ ወስጄ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁት። በየጠዋቱ ከጉድጓዱ ውሃ ትንሽ ቀድቼ፣ አፍልቼ ቀመስኩ። ጨው በእሳት አይጠፋም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ምንም የለም። በስድስተኛው ቀን ምላሴ ላይ መጣ።

ከሽንት ቤቱ እስከ ውሃው ሠላሳ ክንድ፣ በስድስት ቀን፤ በቀን አምስት ክንድ መሆኑ ነው። ኤሊ ትቀድመዋለች፤ ግን ደረሰ። እኔ አፈሩ ያጣራዋል ባይ ነበርኩ። መሬት ከላዩ ስትረግጪው ዝም ያለ ይመስላል፤ ከስር ለካ መንገደኛ የሞላበት ነው።

ለዚህች ልጅ ነገርኳት።

«በሁለቱ መሃል ስንት ተዉ?» አለችኝ።

«የታዘዝኩትን። ሠላሳ።»

«ሠላሳ ምን?»

«ሠላሳ ክንድ ነዋ። ሌላ ሠላሳ አለ እንዴ?»

ሜትሯን ዘረጋች። አሥራ አምስት ሜትር ወጣ። «ሠላሳ ሜትር ነበር የተባሉት፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ። ያኔ እንድቆፍር ያዘዘኝ ሰው «ሠላሳ ተው» ብሎኝ ሄደ፤ እኔም ሠላሳ ምን ብዬ አልጠየቅኩም። ቆፋሪ የሚለካው በክንዱ ነው፤ በክንዴ ርዝመት ደግሞ እኮራ ነበር።

እናትሽ ታማ የተለየችን ባለፈው ክረምት ነው። አንቺ በስልክ «ውሃ አፍላላት» እያልሽ ስትለምኚኝ፣ «የኔ ውሃ እሳት አያስፈልገውም» ያልኩሽ ጊዜ። እዚህ ላይ ሌላ አትጨምሪ ብያታለሁ።

ክረምቱ ደግሞ ሊገባ ነው፤ ያ ሽንት ቤት ሞልቷል። የውሃ ጉድጓዱን ብከድነው ክዳኑን አንስተው ይቀዳሉ፤ ጠጡ ያለው አፍ ራሱ አትጠጡ ካላለ አይሰሙም። ሦስት ቀን ሙሉ በየበራቸው ቆሜ፣ የአየሩን ሁኔታ አውርቼ ተመለስኩ። እኔን እንዲህ ያለ ፍርሃት አያውቀኝም ነበር።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ውሃቸውን አፍልተሽ አጠጫቸው። ፊርማዬ የአውራ ጣቴ ነው።

አባትሽ፣ ቆፋሪው

በይ አንቺ ጸሐፊ፣ አሁን ያልኩትን መልሰሽ አንብቢልኝ። በሹክሹክታ አይደለም። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሁሉም ቤቱ አለ፤ ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። በሩን ክፈቺና ከላይ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ስለ ሚስቴ ያልኩትም አይለፍሽ።