ጳጉሜንን የዘለለ ቆጠራ

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1973

አምስት ቀን ጠፋብኝ። ያውም የልጄ አምስት ቀን።

ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ነበር። የሺ ከጣሊያን ከመጣች ወዲህ በየሰኞው መፈረም አለብኝ፤ የገዛ ልጄን «የውጭ አገር እንግዳ» ብዬ። አግብታ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፓስፖርቷም የእነሱ ሆኗል። ጸሐፊው ይመር፣ ትናንት አፍንጫውን ስጠርግለት የነበረው፣ ዛሬ ጓድ ይመር ነው፤ መቼ ነው የምትሄደው አለኝ። መስከረም 7 አልሁት፤ በቅጹ ላይም እንዲያ ብዬ ነው የሞላሁት። ቪዛው የስንት ቀን ነው አለኝ። የሠላሳ፣ ከገባችበት ከነሐሴ 8 ጀምሮ። ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ጫማህን ላውልቅልህ፣ የእጅህ ጣት አይበቃህም አልሁት። አልሳቀም።

«አባባ ተሰማ፣ ጳጉሜን የት ገባች?»

ወንበር ፈለግሁ።

ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ቁጭ ብዬ ቀን ስመታ የኖርሁ ሰው! ለእኛ ግን ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የላት፣ ዕቁብ የላት፤ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ቆጥሬያት አላውቅም። ከነሐሴ 30 ዘልዬ መስከረም ገባሁ። የፓስፖርት ማኅተም ግን አይዘልም። ቀኗ የሚያልቀው የፊታችን ቅዳሜ፣ መስከረም 2 ነው። ዓርብ ዕንቁጣጣሽ፣ ቅዳሜ የአብዮት በዓል፣ እሑድ ያው እሑድ። መሥሪያ ቤት የሚሠራው እስከ ሐሙስ። አውሮፕላኗ ደግሞ፣ በእኔ በአዋቂው ቆጠራ፣ ለመስከረም 7 ተይዟል።

ቤት ገብቼ ተናገርሁ። ባለቤቴ ዘነቡ ፓስፖርቱን አምጥታ «ሦስት ወር» የሚለውን ቁጥር አሳየችኝ። የሺ አስረዳቻት፤ እሱ በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ነው፣ በሦስት ወር ውስጥ መግባት ይቻላል፤ ከገቡ በኋላ ግን የሚቀመጡት ሠላሳ ቀን ብቻ ነው። ዘነቡ፣ ይሄ ምን ዓይነት ግብዣ ነው አለች።

የሺ አንድ ቀን ባሳልፍስ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ተወልዳ በሰው አገር ፓስፖርት የገባች ሴት ቀኗን አሳልፋ ብትገኝ፣ «የእኛው ነሽ፣ ቅሪ» ቢሏት ማን አቤት ይላል? የአራት ዓመት ልጇ እዚያ በር በሩን እያየ ነው።

ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርደን ወደ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ቦታ ጠየቅን። እስከሚቀጥለው ሰኞ ሙሉ ነው፤ ለበዓሉ የሚሄዱ ባለሥልጣኖች ይዘውታል። ደሴ ስንመለስ ሰኞ ገበያ ሰው ከሰው ይጋፋል። የሺ ክንዴን ይዛ መጣች።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ፣ የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ተጠመቁበት። እኔም ብወጣ ደስ ባለኝ፤ ጊዜ የለም።

የሚሠራ፦
የአውቶቡስ ቲኬት። (ተገኘ፣ ለነገ።)
የይለፍ ወረቀት ለእሷ፣ አዲስ አበባ ድረስ።
የይለፍ ወረቀት ለእኔ።
የዘነቡን እንባ ማስቆም። (አይሆንም።)

የቀበሌው ሊቀመንበር እንቢ አለ። ቅጹ መስከረም 7 ይላል፣ አሁን ደግሞ ነገ ትላለህ፤ የተሳሳተ ቃል ሰጥተሃል፣ ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ላይ ቆመህ ግለ ሂስ አድርግ፣ ከዚያ እናያለን አለኝ። ይመር ወደ በሩ ሸኘኝና ጆሮዬ ላይ «አብሽሩ አባባ፣ አጭር ያድርጉት፣ ወላሂ ያልፋል» አለኝ። ጓድ ወላሂ ይላል እንዴ ብዬ ልቀልድበት ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ተነሣሁ። አጭር ላደርገው ነበር፣ ምላሴ እንቢ አለኝ።

«ጓዶች፣ እኔ ተሰማ ጳጉሜንን ንቄያለሁ። ትንሽ ናት፣ ደመወዝ የላትም ብዬ ከሰፊዎቹ ወሮች ለይቻታለሁ። ከእንግዲህ እኩል ከወንድሞቿ ጋር እቆጥራታለሁ።»

ምን አስቀባጠረኝ አልሁ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳል የሚመስል ነገር አመለጣት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሊቀመንበሩ አፉን በዶሴ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈረመ። ማኅተሙን ሲመታ ቀለሙ ደርቋል፣ ወረቀቱ ላይ ጥላ ብቻ ወጣ። እንዲህ ያለውን የኬላ ወታደር አይቀበልም። ፍቀድልኝ ብዬ ማኅተሙን ተቀበልሁት፣ ሁለቴ በትንፋሼ አራስሁት፣ አጋድሜ ጫንሁት። ቁልጭ አለ። ለእኔ የተፈቀደልኝ ግን እስከ ኮምቦልቻ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4

አሥራ ሁለት ሰዓት ከደሴ ተነሣን። ዘነቡ ከበር አልወጣችም። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ተሳፋሪው እንዲስቅ ሾፌሩን ስነዘንዘው ነበር፤ የሺ አልሳቀችም።

ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ወታደሩ የእሷን ወረቀት አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ መለሰላት። የእኔን አየና፣ አባት እርስዎ እዚህ ይወርዳሉ አለኝ፣ በጨዋነት። የሺ አብራኝ ወረደች። ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። ከዚያ፦

«አባባ፣ እውነት ጳጉሜንን ረስተዋት ነው?»

ሾፌሩ ይጠራሻል አልኋት። ደግነቱ በእርግጥም ይጠራት ነበር።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 5

ከሰዓት በጎረቤታችን በሐጅ ሰይድ ሱቅ ስልክ ደወለች። ማታውን ደህና ገብታለች። ጠዋት ቀን ለማስጨመር ጠይቃ ነበር፤ ከበዓሉ በፊት አይደርስም ብለዋታል። አየር መንገድ ሄዳ ግን ሌላ ቦታ አገኘች። ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።

ቅዳሜ! በልክ! ሐጅ ሰይድን አቀፍሁት። ዘነቡ ከጳጉሜን 2 ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመሰች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 2 ቀን 1974

ትናንት ዕንቁጣጣሽ ነበር። በልተናል መሰለኝ።

ዛሬ ሰልፍ። መፈክር አስያዙኝ፤ ምን እንደሚል አላነበብሁትም። ይመር አጠገቤ ስለነበር ምሥራቹን ነገርሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቀኑ ይገለበጣል። ሰባት ሰዓት እሑድ ነው።»

እሑድ። ሠላሳ አንደኛው ቀን። መፈክሩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ! መጀመሪያ ቀን ዘለልሁ፣ አሁን ደግሞ ሰዓት። ያለችበትን ቤት ስልክ አላውቅም፤ ቴሌም ዝግ ነው።

ቤት ገብቼ እንደ ድሮው የፖስታ ሰው ለማሰብ ሞከርሁ። ደብዳቤ የወጣበት ቀን የቱ ነው? ማኅተም የተመታበት ነው እንጂ መኪናው የተነሣበት አይደለም። ስንት ዓመት ሰው ሲከራከረኝ ይህንኑ አስረድቻለሁ። እንግዲህ የሺም የወጣችበት ቀን የመውጫ ማኅተሟ ነው፣ የአውሮፕላኑ ጎማ አይደለም። ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ በመንገድ መገኘት አይቻልም፤ ስለዚህ የግዷን አስቀድማ አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች። ሰዓት እላፊን ዛሬ ገና መረቅሁት። (ይህን ደብተር የሚያገኝ ጓድ ይህቺን ልብ ይበልልኝ።)

ግን ማኅተም መቺው ቢያንቀላፋስ? ሰልፉ ቢረዝምስ? ማኅተም መቺን እኔ ነኝ የማውቀው። ሻይ ይጠጣል።

ለዘነቡ አልነገርኋትም። ምን ሆነሃል ስትለኝ መፈክሩ ከብዶኝ ነው አልኋት።

እሑድ፣ መስከረም 3

ምንም የለም።

ሰኞ፣ መስከረም 4

ቴሌግራም መጣ። ለሐጅ ሰይድ ሰጠሁት፣ አነበበልኝ፦ «ደህና ደረስሁ። የመውጫ ማኅተም 12። ልጁ ደህና።»

በእነሱ አቆጣጠር 12 ማለት የእኛ መስከረም 2፣ ቅዳሜ ነው። አላመንሁም፤ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርሁ፣ ጳጉሜንንም ጨምሬ። ሠላሳ። ልክ ሠላሳ። ይመርን ቢሮው ድረስ ሄጄ አሳየሁት፤ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ሊቀመንበሩ እየሰማ።

ዘነቡ መልስ ጻፍላት አለችኝ። ብዕር አነሣሁ። መጀመሪያ ኬላው ላይ የጠየቀችኝን መመለስ አለብኝ። «ረስቻት ነው፣ ልጄ» ብዬ ጻፍሁ። ደግሜ አነበብሁት። እውነት ይመስላል።

የመጣች ዕለት ማታ ቀኑን ስቆጥርላት ግን፣ ጣቴ ነሐሴ 30 ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆሞ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ደብዳቤውን ለነገ አሳደርሁት።