ከየድስቱ አንድ እፍኝ

ይድረስ በሰው አገር አሸዋ ላይ ሕንጻ ለሚያቆመው ለታናሽ ወንድሜ ለሶብሃን፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የአላህ እዝነት ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይሸፍንህ። ጤናህስ እንዴት ነው? የሙስካት ሙቀት ቀለል አለልህ ወይ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ፣ የምትበላውስ ይረጋልሃል? ከአንድ ክፍል ውስጥ አብረውህ የሚያድሩት ጓደኞችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው። ደኅና አይደለንም። ሁላችንም ግን በሕይወት አለን፤ ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ልብህ እንዳይሸበር ብዬ ነው።

እናታችን አጠገቤ ተቀምጣለች። ወረቀቱ እንዳይባክን ፊደሉን አሳንሺ፣ ጠርዙንም ባዶ አትተዪ እያለች ታስጨንቀኛለች። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደምጽፍ አታውቅም፤ ባዶ ቦታ ግን ከሩቅ ይታያታል። ፊደሌ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ቢደቅብህ በእሷ ፍረድ እንጂ በእኔ አትፍረድ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የጀልባ ቀዛፊው ልጅ አቤድ አሊ ወደ ሙስካት ይመጣል። ታላቅ ወንድማችን ካሼም በእሱ አፍ ቃል ልኮብሃል። ሚስትህ ፉልባኑ ሌባ ናት፣ ሩዛችንን እየሰረቀች ለአባቷ ቤት ልታሻግር ስትል በእጄ ያዝኳት፣ ፍታት ብሎሃል። አቤድ አሊ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ቢደርስ እንኳ አንዲት የፍቺ ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። እኔ እህትህ በሰው አፍ ተልኮ በመጣ ቃል የተፈታሁ ሴት ነኝ። ያ መልእክተኛ ገበያ መሐል አስቁሞ ሲነግረኝ በእጄ የያዝኩት ዓሣ ገና ይንፈራገጥ ነበር። ይህንኑ በፉልባኑ ላይ ብታደርግ ወንድም ነበረኝ አልልም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዘንድሮው ካርቲክ እንዴት እንደ መጣብን አላወራልህም፤ የረሃብ ወር መሆኑን ታውቃለህ። ወንዙ በማሳው ላይ የነበረውን ጠርጎ ወስዶ አሸዋ አልብሶን ሄደ። አዲሱ ሩዝ እስኪደርስ የማሳ ሥራ የለም፣ ጎተራው ሲጠረግ የሚወጣው አቧራ ነው። እናታችን ደግሞ በጥጋብ ጊዜ እንኳ የምትቆጥብ ሴት ናት፤ በዚህ ጊዜ ምን እንደምትሆን ገምት። ክብሪት አይጫርም፤ ፍም በገል ከጎረቤት ይለመናል። ኩራዙ የሚበራው እራት እስኪበላ ብቻ ነው፤ የዓሣ እሾህ የፈራ በጣቱ ይፈልግ ትላለች። ሩዝ የተቀቀለበት ውሃ በማግስቱ በጨው ይጠጣል። ሳሙናው በክር ተቆርጦ ለየሰዉ ይታደላል። ያንተ ቁራጭ እስካሁን ጣሪያው ሥር ተሰክቶ አለ፤ አንድ ቀን እጄን ልታጠብበት ብዬ በማማሰያ ጣቴን መትታኛለች። ያረጀ ሳሪ ተደራርቦ ተሰፍቶ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ያረጀ ብርድ ልብስ የድስት መያዣ፣ ያረጀ የድስት መያዣ የኩራዝ ክር።

እኔ የምበላው ሩዝ በምፈትግበት በጌቶቹ ቤት ስለሆነ የእኛ ቤት ሳህን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ መሄዱን አላየሁም። ካሼም ግን አየው። ቀኑን ሙሉ የወንዙን መከላከያ ግድብ አፈር ሲቆፍርና ሲሸከም ይውላል፤ ሲመጣ ሦስት ጉርሻ የማትሞላ ሩዝ ትቀርብለታለች። እናታችን ያው የድሮውን ጣሳ ሰፍሬ ሰጠሁ ትላለች። ጣሳው ያው፣ ድስቱ ያው፣ ሩዙ የለም።

አንድ ማታ ሳህኑን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ሚስቱን ሞርጂናን፣ "አፈር ተሸክሜ ውዬ ስመጣ የወፍ መኖ ታቀርቢልኛለሽ?" ብሎ በጥፊ መታት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። እናታችን ከግድግዳው ላይ ሩዙን ትለቅም ጀመር። ሞርጂና ደሟን በሳሪዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "እኔን ምን ትመታኛለህ? እኔ አጥቤ ነው የምሰጠው። ድስቱ ጋ የምትቀመጠው የወንድምህ ሚስት ናት" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሼም በፉልባኑ ላይ ዓይኑን ተከለ። ሚስትህ ሆዷ ገፍቷል፤ ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ይህን ሳትዘነጋ ቀጥሎ ያለውን አንብብ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ ከኩሬው ዳር ድስት በአመድ እፈትጋለሁ። የፉልባኑን ጩኸት ሰማሁና ድስቱን ጥዬ ሮጥኩ። ካሼም ጠጉሯን በእጁ ጠምጥሞ ከማዕድ ቤቱ ወደ ግቢው እየጎተታት ነው። እዚያው ከምትተኛበት ቆጥ ሥር ትንሽ ማሰሮ አግኝቷል፤ እፍኝ ሩዝ ስትጨምርበት በዓይኑ አይቷል። እሷ ማሰሮውን አቅፋ አልለቅም አለች። በእግሩ መታው፣ ተሰበረ፣ ሩዙ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የበሬ መንጃውን ቀርከሃ አነሳ።

"ለዚያ ለማኝ አባትሽ ነው አይደል? እኔ በረሃብ አንጀቴ ሲታጠፍ እሱን ልትቀልቢ!"

ጀርባዋን መታት፣ ትከሻዋን መታት። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሮ ያያል፤ የሌባ ነገር ስለሆነ አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። ፉልባኑ ተጠቅልላ ሆዷን በክንዷ ከልላ፣ "ጋሼ፣ ሆዴን ብቻ ይተዉልኝ፣ ሌላውን እንደ ፈለጉ ይምቱ" ትለዋለች። እሱም ሌላውን መታ። ቀኝ ክንዷ እንደ ደረቅ የጁት አገዳ ቀሽ ብሎ ሲሰበር እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ደሜ ፈላ። ዓሣ የምንቆርጥበትን ቆልማማ ስለት ከነእንጨቱ አነሳሁና ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ሥጋው ተከፈለ፤ ደሙ እስከ ክርኑ ወረደ። "ቀጥሎ አንገትህ ነው" አልኩት። አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እሱም ዞሮ በቀርከሃው ጆሮ ግንዴን መታኝ፤ ይህን ስጽፍልህ በግራ ጆሮዬ አልሰማም። እኔ ስለቱን፣ እሱ ቀርከሃውን ይዘን አንዳችን ሳንሞት የምንተው አልነበርንም።

እናታችን ግን ምን ታደርግ እንደ ነበር ታውቃለህ? ተንበርክካ በእግራችን መሐል ከጭቃው ውስጥ ሩዝ ትለቅማለች። የካሼም ተረከዝ ጣቷን ረገጠው፤ እጇን አልሳበችም። "ሩዙን አትርገጡት፣ እባካችሁ፣ ሩዙን አትርገጡት" ትላለች። ያንተ ሚስት እዚያው ክንዷ ተሰብሮ ወድቃለች። ካሼም ወደ እናታችን ቁልቁል አየና ቀርከሃውን ጣለ። ትከሻውን በፎጣ ጠፍሮ ወደ ጀልባው መሻገሪያ ሄደ፤ አቤድ አሊን አግኝቶ ያን ቃል የላከብህ ያኔ ነው።

እኔ ክንዷን የምጠግንበት ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ። ከእናታችን አልጋ በላይ ከተቆለሉት ብርድ ልብሶች አንዱን ስስበው ከውስጡ ማሰሮ ተንከባለለ። አፉ በጨርቅ የታሰረ ነው፤ ፈታሁት፤ ሩዝ። አውጥቼ እናታችን ፊት ዱብ አደረግሁትና፣ "ይሄስ የየትኛዋ ሌባ ነው?" አልኳት። "እናቴ ያስተማረችኝ ነው" አለች። "ሴት ከየድስቱ አንድ እፍኝ ታነሳለች፣ ለማንም አትናገርም። እኔም ጣሳውን ስሰፍር አነሳለሁ።" ይህን ስትሰማ ሞርጂና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር። ከዚያ ተነስታ ከጭዱ ክምር ውስጥ የራሷን ማሰሮ ይዛ መጣች። እሷ ደግሞ የምታነሳው ሩዙን ስታጥብ ነው። ፉልባኑ ድስቱን ስትጥድ።

አየህ ወንድሜ፤ ሦስቱም ከየእናታቸው ቤት አንዲቷን ልማድ ይዘው መጥተዋል፣ ሦስቱም አፋቸውን ዘግተዋል። ከአንድ ድስት ሦስት እፍኝ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይወጣል። ሦስት ቆጣቢ ሴቶች ተባብረው አንድ ቤት አስራቡ። ለምን እንደሆነ ደግሞ ስማ። እናታችን ለከፈኗና ለለቅሶዋ ማብሊያ ነው፤ በሞቴ ልጆቼ እንዳይበደሩ አለች። ሞርጂና የግድቡ ሥራ ያለቀ ቀን ካሼም ባዶ ሆዱን እንዳያድር ነው፤ ከንፈሯን የሰነጠቀው ለእሱ የቆጠበችለት ሰው ነው። ፉልባኑ ለአዋላጇ ነው። "የሳቸው ልጅ በብድር አይወለድም ብዬ ነው" አለችኝ፣ ያንተን ልጅ ማለቷ ነው፤ ጥርሷ በሕመም ይንቀጫቀጫል።

ካሼም ሲመለስ ሁለቱን ማሰሮና የሦስተኛውን ስባሪ ግቢው ላይ ደርድሬ ጠበቅሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ አየ፣ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። "እኔ ማን ነገረኝ?" አለ። ሞርጂናም፣ "ለወንድ ከተነገረማ ምኑን ቆጠብነው?" አለችውና ያንኑ ቀርከሃ አንስታ ወረደችበት። ጀርባውን፣ እጁን፣ የቆሰለ ትከሻውን ሳትመርጥ መታችው። እጁን አላነሳም። ጎረቤት ይህንንም አጥር ላይ ሆኖ አየ። ማንም አላስጣለውም፤ እኔም አላስጣልኩትም።

እናታችን ከጭቃው የለቀመችውን ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማ አጠበችው። የፉልባኑም የካሼምም ደም ነበረበት። አይጣልም ብላ ቀቀለችው። ካሼም ከስንት ጊዜ በኋላ የሞላ ሳህን ቀረበለት፤ በላውና ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው። እናታችን በዚያ ተቆጣች፤ ባከነ ብላ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ካሼም ቃሉን ሊመልስ ወደ መሻገሪያው ሮጠ። አቤድ አሊ ሄዷል። ስለዚህ የቀረን ይህ ወረቀት ነው። ቴምብሩ የሚገዛው ከእናታችን የከፈን ማሰሮ በሚሸጠው ሩዝ ነው፤ በአሮጌ ሳሪዬ ቅበሩኝ ብላለች። ደብዳቤውን ከተማ ድረስ በእግሩ የሚወስደው ራሱ ካሼም ነው። የሚገባው ነው፤ ስለቱም አሁን የሚያድረው ከእኔ ትራስ ሥር ነው።

አዋላጇ መጥታ ፉልባኑን ዳብሳታለች፤ ልጁ ይገፋል። ክንዷ በቀርከሃ ስንጥር ታስሯል፤ ቀጥ ብሎ ይድን እንደሆነ አላህ ያውቃል። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ማሰሮ ብቻ ነው፤ ሁሉ እያየ የምትሞላውም እሷ ናት። በግራ እጇ ትዘግናለች፤ እፍኟ ትንሽ ናት፣ ግማሹም ይፈስባታል። እፍኟን ባነሳች ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። ይህን ማየት አንጀቴን ይበላዋል፤ ካሼምም እያየ ሳህኑን ትቶ ይወጣል።

እናታችን ትስምሃለች፤ ሳሙናህ እንደ ተቀመጠ ነው ብላሃለች። ሞርጂና ሰላም ብላሃለች፤ ድስቱ ጋ የምትቀመጠው እሷ ናት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ ትላለች። ለአቤድ አሊ፣ ቀድሞህ ደርሶ ከሆነ፣ ሰላም ይሁን፤ እሱ ተላላኪ ነው። ካሼም ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም አለ፤ እኔም አልጻፍኩለትም።

ፉልባኑን ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት ስምህን እንደ ወጓ ሳትጠራ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች። "እሳቸው አመኑ ወይ?" አለች።

እናታችን ከግርጌ የቀረውን ባዶ ቦታ አይታ፣ ለምን አልሞላሽውም እያለች ትቆጣኛለች። ለፉልባኑ የሚላከው መልስ የሚጻፍበት ነው ብያታለሁ። እዚያው ላይ ጽፈህ፣ ቆርጠህ ላክልን፤ ወረቀት እንዳይባክን።

እህትህ ሳሌካ

ኖያ ደለል መንደር፣ ቲስታ ወንዝ ዳር
ካርቲክ ወር አጋማሽ፣ በቤንጋል አቆጣጠር 1395