«በድንገት» አልኩ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ስፌት ቤቱም ሥራ በዝቶበታል። እማዬ አስሟ ተነስቶባት ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሐኪሟ፣ «አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ያፍናል፤ ሌላው ለቀናት እየባሰ ይመጣል። የእሷ እንዴት ጀመረ?» አለችኝ።

«በድንገት» አልኩ። እማዬ የኦክስጅኑን ጭምብል እንዳጠለቀች አየችኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። «የምስበው መድኃኒት አለቀብኝ» ስትለኝ፣ «እስከ ቅዳሜ ቻይው፤ ሥራ ይዣለሁ» ብያት ነበር። አንተም ብትሆን «መቼ ሳትስል ውላ ታውቃለች» ማለትህ አይቀርም።

ሐኪሟ «ድንገተኛ» ብላ ጻፈች። «እንዲህ ያለው በመድኃኒት ቶሎ ይለቃል» አለችኝ። ዛሬ አራት ቀኑ፤ አልለቀቃትም።

ስትደውል መቼ እንደጀመራት አትጠይቃት፤ ማውራት ያደክማታል።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ።

እህትህ